በአይናለም ስም

ማሚቱ ገብረ መድህን የሴቶቹን እድር ስትመራ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ይቅርታ ጠይቃ አታውቅም። ይቅርታ የሚጠይቁት ሌሎቹ ናቸው። ወጥ ያሳረረችው፣ የዘገየችው፣ ቀብር ሳትደርስ ደርሻለሁ ያለችው፣ ሁሉም በየተራዋ ከፊቷ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ተለማምጣታለች። አሰላ ላይ፣ ከብቅል ፋብሪካው ሽቅብ ባለው ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ከቄሱ በፊት የምትጠራው እሷ ናት። የድንኳኑ፣ የወንበሩና የብረት ድስቱ መጋዘን ቁልፍ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ማን ሽንኩርት እንደሚልጥ፣ ማን እንደሚጨልፍ፣ ማን ከሐዘንተኛዋ ጎን እንደሚቀመጥ እሷ ትወስናለች። እሷ ያልወሰነችው ነገር ቢኖር ሟቹ ማን እንደሚሆን ብቻ ነው ይላሉ ሴቶቹ፣ እሷ በሌለችበት።

ሐምሌ ላይ፣ የጭላሎ ተራራ ሳምንት ሙሉ ከጉሙ ውስጥ አልወጣ ባለበት ጊዜ፣ ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ሥር አንድ ነገር እጇን አስቆማት። ባቄላ ያህላል። አያምም። ስትጫነው አይሸሽም። ፎጣዋን አገለደመችና "የእድሜ ነው" ብላ ወጣች፤ ስልሳ አራት ሞልቷታል። በማግስቱ ግን እጇ ራሱ ሄዶ ዳሰሰው። በማግስቱም። ነሐሴ አለቀ፣ መስከረም ጠባ፣ ባቄላው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ለማንም አልተናገረችም። የማትናገርበት ምክንያት አስካለ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሆስፒታሉ ሰዎች መጥተው እድሮቹን ሰበሰቡ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለች ሴት በየዓመቱ ጡቷን ትታይ፤ ዘንድሮ የለም የተባለው ለከርሞ ሊኖር ስለሚችል አንዴ ታይቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ እናንተ ሰው ሰብስቡ፣ እኛ ነርስ እስከ ቀበሌው አዳራሽ እንልካለን አሉ። መዝገብና ስም ጥሪ የሚወድ ልብ ያላት ማሚቱ ሐሳቡን ወደደችው። በሳምንቱ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አስጨመረችው፦ ያልታየች ሴት ከእድር ሥራ ትታገዳለች። የዚያን ዓመት ከአርባ ምናምን ሴት አንዲት ተገኘባት፤ አስካለ። ሄደች፣ አንድ ጡቷን አስቆረጠች፣ ጠጉሯ ረገፈ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሻሿን አጥብቃ ተመለሰች። የመጀመሪያው ለቅሶ ቤት እጅጌዋን ሰብስባ ድስቱ ዘንድ ቆመችና ጭልፋውን አነሳች። ማሚቱ መጣችና፣ ሠላሳ ሴት እያየ፣ ጭልፋውን ከእጇ ወሰደችው።

"አንቺ ታመሻል፤ አረፍ በይ" አለቻት።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነገር ነበር። ዞር ብላ ደግሞ አጠገቧ ላሉት፣ ድምጿን ዝቅ ባለማድረግ፣ "በሽታው ከእጅ ከእንፋሎቱ የሚያልፍ ቢሆንስ? ሰው የሚበላው ነገር ነው" አለች። አስካለ እጇን ታጠበች፣ ሽርጧን ፈታ አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ስሟን ከእድሩ አስፋቀች። በመንገድ ሲተላለፉ አስካለ ታልፋለች እንጂ ፊቷን አታዞርም፤ ማሚቱን የሚያበግናት ይሄ ነው። ብታዞር ይሻላት ነበር።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ ሐምሌ ላይ ባቄላውን ያገኘችው።

ራሷ ያስወሰነችውን ደንብ ራሷ አክብራ አታውቅም። "እኔን ልጄ ቤርሳቤህ አዳማ ላይ በየዓመቱ ታሳየኛለች" ትላለች። ቤርሳቤህ አዳማ መኖሯ እውነት ነው፤ ሌላው ውሸት ነው። ወረቀቱን አሳዪን ያላት ደፋር በሦስት ዓመት ውስጥ አልተገኘም።

ነርስ የምትመጣበት የኅዳሩ ቅዳሜ ደረሰ። ስም ጥሪውን ዘወትር የሚይዘው የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ተክለወልድ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ወንድ ከመጋረጃው አጠገብ ምን ይሠራል ተብሎ መዝገቡን ለማሚቱ አስረክቦ ሄደ። ስም ጥሪ ሲባል በእድር ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ቀብር ላይ ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ ሬሳው ከቤት ሲወጣና ከቤተ ክርስቲያን ሲደረስ። ሥራ የያዛት፣ ገበያ የሄደች፣ እግሯን ያመማት ጎረቤቷን "አለሁ በይልኝ" ትላለች፤ ጎረቤቷም ከሕዝቡ መሀል ድምጿን ለውጣ አለሁ ትልላታለች። ይህን ያላደረገች ሴት እዚያ እድር የለችም። ማሚቱ ነቅታ፣ ለሌላ አለሁ ያለችም ያስባለችም እኩል አንድ ዓመት ትታገድ ብላ አስወስናለች። ደንቡ ወጣ እንጂ ልማዱ አልቀረም።

ነርሷ አዲስ ናት፤ ሲስተር ሮሐ ትባላለች፤ ወደ አሰላ ከተዛወረች ሁለት ወሯ ነው፤ ማንንም አታውቅም። ከአዳራሹ ጥግ መጋረጃ ተወጥሯል። ማሚቱ እበሩ ላይ ተቀምጣ በአባልነት ቁጥር ተራ ትጠራለች፤ የተጠራችው ገብታ፣ ታይታ፣ ወረቀቷን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሴቶቹ እየሳቁ ገቡ፣ ልብሳቸውን እያስተካከሉ ወጡ። አንዷ ጡቴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም አለች። ወደ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ባዶ ሆነ። መዝገቡ ላይ የቀረው ቁጥር አርባ ሦስት ብቻ ነው፤ አይናለም ሁንዴ።

አይናለም ያለችው ኢተያ ማሳዋ ላይ ነው። ስንዴዋን ልታሳጭድ የኮምባይነር ወረፋ ስትጠብቅ ሳምንት ሆኗታል፤ ይህን ማሚቱ ታውቃለች። የእህል ነጋዴ ናት፤ ወደ ሰፈሩ የመጣችው ከስድስት ዓመት ወዲህ ነው፤ ምላሷ አጥር አያግደውም። አምና በሰብሳቢነት ምርጫ በአራት ድምፅ ነው የተሸነፈችው፤ ከዚያ ወዲህ ማሚቱን ስትጠራት "ወይዘሮ ጭልፋ" ነው የምትለው።

"አይናለም ሁንዴ" አለች ማሚቱ ለባዶው አዳራሽ፤ ሥርዓት ነውና። ማንም አልመለሰም። እስክሪብቶዋን አንስታ "ቀሪ" ልትጽፍ ነበር። መጋረጃውን አየች። ጓንት የምትቀይረው የሮሐ ጥላ ይታያል። የማታውቃት ልጅ፣ የማትጠይቅ ልጅ። ማሚቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አለሁ" አለች፤ ገባች።

ሮሐ አጋደመቻት፣ ነካቻት። ማሚቱ መጀመሪያ ያለችው፣ "እጅሽ በረዶ ነው፤ አሙቂው እንጂ፤ ይህንንም አላስተማሩሽም?" ነው። ልጅቷ ይቅርታ ብላ እጇን አሻሸች። ቀኙን ጨረሰች፣ ብብቷን አየች፣ ወደ ግራው መጣች። ጣቶቿ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ አለፉ፤ ተመለሱ።

"እማማ፣ ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?"

"ዛሬ ነግረሽኝ ነው የማውቀው።"

ሮሐ ወረቀቱን ሞላች። ካንሰር ነው አላለችም። በአልትራሳውንድ መታየት አለበት፣ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል፣ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ከሆነም ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ የሚቻል ነገር አለ አለች። ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ይምጡ፤ እኔ እዚያ እጠብቅዎታለሁ፣ እማማ አይናለም። ማሚቱ ቀሚሷን እየቆለፈች፣ ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬን አልታመምኩም አለችና ወጣች። ወረቀቱን እቤቷ ደርሳ አራት ቦታ ቀደደችው።

ሰኞ አልሄደችም። ማክሰኞም አልሄደችም። ሮሐ ሰው የምትተው ልጅ ሆና አልተገኘችም፤ ረቡዕ መዝገቡ ላይ ያለውን ስልክ ደወለች። ስልኩ የአይናለም ነው። አይናለም ኢተያ ማሳ ላይ፣ ኮምባይነሩ እያጓራ፣ በአንድ እጇ ጆሮዋን ደፍና ያዳመጠችው ነገር ጡትዎ ውስጥ እብጠት ተገኝቷል፣ ለምን አልመጡም የሚል ነው። ምን? የት? የማን ጡት? እያለች ስትጮኽ አብሯት የነበረው የአጎቷ ልጅ ሰማ። የአጎቷ ልጅ ጎበሳ ከተማ ላሉ ዘመዶቻቸው ደወለ። እነሱ አሰላ ደወሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ በሙሉ አይናለም አልቆላታል ብሎ ከንፈሩን ይመጥ ጀመር።

ማሚቱ ወሬውን የሰማችው ሱቅ በር ላይ ቆማ ነው። አንዷ እያለቀሰች ነገረቻት፤ በግራ በኩል ነው አሉ፣ የሐኪሞቹ ፊት አላማረም አሉ፣ ዓመትም አትቆይ አሉ። ማሚቱ የገዛችውን ሳሙና እንደያዘች ቆመች። ለራሷ የሚገባው ለቅሶ በሌላ ሰው ስም ሲለቀስ እየሰማች ነው። "እግዚአብሔር ያውቃል" አለች። ሌላ ምን ትበል።

የባሰው በማግስቱ መጣ። የታመመ ሲኖር እድሩ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅ ደግሞ ሰብሳቢዋ ፊት ትመራለች። አስራ ሁለት ሴት አስከትላ የአይናለምን ግቢ ስትገባ ከጎበሳ የመጡ ዘመዶች በግ ይዘው ደርሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ተራ በተራ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። አይናለም አልተኛችም። ከማሳ የመጣ ስንዴ በሚዛን እያስመዘነች፣ ሹራቧ ላይ ገለባ ተጣብቆ፣ ዓይኗ ቀልቶ ቆማለች። ሴቶቹ እግዜር ይማርሽ ሲሏት አሜን አላለችም።

"ማሚቱ፣ ድስቱን አጥበሽ ነው የመጣሽው?" አለች። "ጎበሳዎቹ በጉን አምጥተዋል፤ ሬሳው ብቻ ነው የቀረው።"

ሴቶቹ መሳቅም ማልቀስም አቅቷቸው መሬት መሬት አዩ። አይናለም ሚዛኑን ለቀቀችና ወደ መሀል መጣች። እኔ ቅዳሜ ኢተያ ነበርኩ፤ ማንም ነርስ እጇን አልጫነብኝም፤ እንግዲህ ያ ጡት የኔ ካልሆነ የማን ነው አለች። አስራ ሁለቱም ሴቶች በአንድ ጊዜ ገባቸው፤ አንዷ አለሁ ብላላታለች። እያንዳንዷ ያደረገችው ነገር ስለሆነ አንዷም ማን ናት ብላ አልጠየቀችም። ማሚቱ የመዝገብ ስህተት ይሆናል፣ እናጣራለን አለች። ድምጿ እንደወትሮው ወፍራም ነበር። አይናለም አየቻት፤ ትንሽ ቆይታ አየቻት።

ከድፍረቷ ሥር ግን አይናለምም ሰው ናት፤ ፈራች። በሳምንቱ ሆስፒታል ሄደች፣ በአልትራሳውንድ ታየች፣ ምንም የለም ተባለች። ሮሐ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታይ ቆየችና ፊቷ ተቀያየረ። ያቺ ሴት ማን ናት አለች። ማን እንደሆነች ሳታውቁ ምን ዓይነት እድር ነው የምትሉት? እናንተ እዚህ ስም ስትጫወቱ ያ ነገር አይጫወትም፣ ያድጋል አለች። እዚያው ቢሮዋ በር ላይ ጋሽ ተክለወልድ ዘንድ አስደወለች። ተክለወልድ ደንቡን ከፈተ፤ ደንቡ አይናለምንም አይምርም፤ የተባለላት ሴት ያለችላትን ካላወጣች እንዳስባለች ተቆጥራ አንድ ዓመት ትታገዳለች ይላል። ለእሁድ ስብሰባ ተጠራ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይናለም የማሚቱን በር ሳታንኳኳ ገባች። ማሚቱ ግቢዋ ውስጥ ምስር እየለቀመች ነበር። ተቀመጪ አላለቻትም፤ አይናለምም አልጠበቀችም፤ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"ነርሷን የሴትዮዋ መልክ ምን ይመስላል አልኳት" አለች አይናለም። "አርባ ሰው ነው ያየሁት፣ ፊት አላስታውስም፤ ያቺ ግን እጅሽን አሙቂው ብላ ተቆጥታኛለች አለችኝ። እዚህ ሰፈር ጡቷን ለነርስ ሰጥታ ነርሷን የምትሰድብ ሴት ስንት አለች፣ ወይዘሮ ጭልፋ?"

ማሚቱ የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አደረገች። ትክዳለች ብላ አይናለም ጠብቃ ነበር፤ ለዚያም የሚሆን ስድብ አዘጋጅታለች። ማሚቱ ግን አልካደችም።

"የጤና መድህን ደብተርሽን አውሺኝ" አለች።

"ምን?"

"ደብተርሽን። አንዴ በስምሽ ተጽፏል። በስምሽ ልጨርሰው፤ ልታይ፣ ልቆረጥ፣ ልዳን። ማንም አያውቅም። አንቺ ትድኛለሽ፤ ተሽሎሻል ይባላል፤ ሰው ይረሳል።"

አይናለም ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። "ደብተሩ ላይ ፎቶ አለ። እኔ አንቺን እመስላለሁ?"

"ፎቶው አሮጌ ነው። ሻሽ ካሰርኩ አይለይም።"

"ቢላው ሥር ብትሞቺስ? አይናለም ሁንዴ ሞተች ተብሎ ይጻፋል። ድንኳን የሚተከለው ማን ደጅ ነው? እኔ ደጅ። ጎበሳዎቹ ሌላ በግ ይዘው ይመጣሉ። እኔ በቁሜ ስንቴ ልለቀስ?"

"አልሞትም።"

"እሺ ዳንሽ። በየስድስት ወሩ ቀጠሮ አለ። ምን ልታደርጊ ነው? እድሜ ልክሽን እኔን ሆነሽ ልትመላለሺ? ለዚህ ሰፈር አንድ አይናለም ይበዛል፤ አንቺ ራስሽ ብለሽዋል።"

 ማሚቱ ራሷም ባላሰበችው ድምፅ፣ "አስካለ ትስቅብኛለች" አለች።

አይናለም ተነሳች፤ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገች። "ትሳቅ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሳቀችም፤ ይገባታል። አሁን ስሚኝ። አልወድሽም፤ ብትሞቺ ድስትሽን የምታጥብ ሌላ ሴት እናገኛለን። በኔ ስም ግን አትሞቺም። እሁድ ራስሽ ካልተናገርሽ፣ አርባ ሦስቱም ሴት እንደገና ትዳሰስ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከሰብሳቢዋ እንጀምር እላለሁ። ነርሷም ትመጣለች፤ ነግሬያታለሁ። ሲፍ ገሌ?" ተበሳጭታ ስትጨርስ ሁልጊዜ ወደ ኦሮምኛው ነው የምትዞረው፤ ገብቶሻል ወይ ማለቷ ነው። ለማሚቱ በደንብ ገብቷታል።

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ለቅሶ ላይ እንኳ እንዲህ የሚመጣ ሰው የለም። ሮሐ ነጭ ጋውኗን ሳትለብስ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ተክለወልድ ደንቡን በቀስታ አነበበ፤ በየነጥቡ ላይ እየቆመ፣ ሰው የሚደሰትበትን ነገር እንደሚያነብ ሰው። አንቀጽ ሰባትን ሲጨርስ አይናለም እጇን ልታነሳ ስትል ማሚቱ ቀደመቻት፤ ከሰብሳቢነት ወንበሯ ላይ ቆመች።

ሌሊቱን ስታሰናዳ ያደረችው ንግግር ነበር፤ ስለ እድሜ፣ ስለ ሴትነት፣ ስለ ፍርሃት። ቆማ ስታያቸው ግን የምትለማመጥ ሴት ሆና መናገር አልቻለችም።

"እኔ ነኝ" አለች። "በአይናለም ስም የገባሁት እኔ ነኝ። እብጠቱ የኔ ነው፤ በግራ በኩል። አዳማ ልጄ ታሳየኛለች ያልኳችሁ ውሸት ነው፤ ሦስት ዓመት ዋሽቻችኋለሁ፤ እናንተም ወረቀቱን አልጠየቃችሁኝም፤ ያ ደግሞ የናንተ ጥፋት ነው። ተክለወልድ፣ አይናለምን ፋቃት፣ እኔን ጻፍ። አንድ ዓመት።" ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

 ከዚያ ከወደኋላ፣ ማን እንደሆነች ሳትታወቅ፣ አንዷ ሴት ጠየቀች፤ እና እንፋሎቱ አያልፍም ማለት ነው? ማሚቱ አንገቷ ድረስ ቀላች። ሮሐ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ አያልፍም፣ ከእጅም ከትንፋሽም አያልፍም፣ ያንን ያስወራችው ሰው አላዋቂ ናት አለች። ማሚቱ ለዚያ መልስ ነበራት፤ ዋጠችው።

ይቅርታ ያደርጉልኛል ብላ በልቧ ጥግ ጠብቃ ኖሮ ነው መሰለኝ፣ ትታገድ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ስንት እጅ እንደሚነሳ ዞራ አየች። ሁሉም ተነሳ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የተለማመጡ እጆች ናቸው፤ ከፍ ብለው ነው የተነሱት። የታገደች ሴት ድንኳን የላትም፣ ወንበር የላትም፣ ታማ ብትተኛም በእድሩ ስም የሚጠይቃት የለም። ይህን አንቀጽ ያስጻፈችው ራሷ ናት።

ሰኞ ሆስፒታል ሄደች። በራሷ ስም ካርድ አወጣች። ሮሐ እንደምን አደሩ ከማለቷ በፊት መቼ ነው ያወቁት፣ እውነቱን ይንገሩኝ አለቻት። ማሚቱ ሐምሌ አለች። ሮሐ በጣቷ ቆጠረች፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር።

"አምና መጋረጃው ውስጥ ቢገቡ ኖሮ" አለች ሮሐ፣ "ይሄ ነገር የጤፍ ፍሬ አክሎ ይገኝ ይሆን ነበር። ካቻምናም እድል ነበረዎት። ሰው እያስገደዱ ራስዎ ቀሩ። እኔ እርስዎን አልተቆጣሁም ብዬ አልዋሽም።"

"ጨርሰሻል?"

"አልጨረስኩም። ልብስዎን ያውልቁ።" እጇን አላሞቀችም።

በመርፌ ተወሰደ፤ በሁለት ሳምንት ውጤቱ መጣ፤ የተፈራው ነው። ዶክተሩ ገና አልተሰራጨም፣ ቢቆረጥ ተስፋ አለው፣ ከዚያ አዳማ መድኃኒቱን ትቀጥያለሽ፣ ከዚያም በየጊዜው መታየት ነው፣ በቃኝ አይባልም አላት። ለታኅሣሥ አስራ ስድስት ቀጠሮ ተሰጣት። ቤርሳቤህ ዘንድ ደውላ ነገረቻት፤ ልጅቷ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ እንደገና አለቀሰች፣ ፈቃድ የማገኘው አልጋ በያዝሽ ማግስት ነው፣ በጠዋት እደርሳለሁ አለች።

አልጋ የምትይዝበት ቀን ማሚቱ በባጃጅ ብቻዋን መጣች፤ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፔርሙስ፣ አንድ ብርድ ልብስ ይዛ። የመመዝገቢያው መስኮት ጋ ያለው ልጅ አስታማሚዎ ማን ነው አላት። ነገ ትመጣለች አለች። ዛሬ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል፣ ያለ አስታማሚ አልጋ አልሰጥም፣ ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ ሌላ ወር ነው አላት። ማሚቱ፣ የዓለምን ሕዝብ ስትቀብር የኖረች ሴት፣ ስልኳን አውጥታ ስሞቹን ወደታች ሰደደች። ሁሉም የእድሩ ናቸው። ሁሉም እንዳይመጡ ያደረገችው ራሷ ናት። ስልኩን መልሳ ከተተች። ልጁ ቀጣይ ብሎ ሊጠራ አንገቱን አወጣ።

"እኔ እፈርማለሁ" አለ ከኋላዋ ያለ ድምፅ።

አስካለ ናት። ለስድስት ወር ምርመራዋ መጥታ፣ ካርዷን ይዛ፣ ከወረፋው ሦስተኛ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች፤ ይህንን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩንም ወሬ። የእድሩ ደንብ እሷን አያስራትም፤ ስሟን ካስፋቀች ሁለት ዓመቷ ነው።

ማሚቱ አልዞረችም። "ልትስቂብኝ ነው የመጣሽው?"

"ስቄ ጨርሻለሁ። ወሬውን የሰማሁ ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ስቄያለሁ፤ ጎኔን አሞኛል።" አስካለ ወደ መስኮቱ ቀረበች፤ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። "አልራራሁልሽም። ይቅርም አላልኩሽም፤ እሱን ከልብሽ አውጪው። እኔ ስገባ የሚፈርምልኝ አጥቼ እዚህ መስኮት ጋ ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ። ያንን ለጠላቴም አልመኝም ብዬ ተስዬ ነበር። ጠላቴ አንቺ ሆነሽ ተገኘሽ፤ ምን ላድርግ?"

"ለአንድ ቀን ነው። ልጄ ነገ ትመጣለች።"

"ከአንድ ቀን በላይ ብትይኝ ጥዬሽ እሄድ ነበር።"

ልጁ ቅጹን ገፋላቸው። የአስታማሚ ስም ጻፈ፣ ስልክ ጻፈ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ አስካለን ጠየቃት። "ለታማሚዋ ምናቸው ነዎት?"

"ምኗም አይደለሁም።"

"ዝምድና የሚለው ባዶ አይታለፍም እማማ።"

"ጠላት ብለህ ሙላው።"

"ይሙላው" አለች ማሚቱ። "እኔም እፈርምበታለሁ።"

ልጁ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አየ። ከኋላ ወረፋው ያጉረመርማል። አንገቱን ደፍቶ "ጎረቤት" ብሎ ጻፈ፣ ማኅተሙን መታበት፣ ቅጠሉን ቀዶ ለአስካለ ሰጣት። ሁለቱም አነበቡት፤ ሁለቱም አላረሙትም። አስካለ ሻንጣውን ለማሚቱ ትታ ቀለል ያለውን ፔርሙስ አነሳችና፣ የቱ ክፍል ነው፣ ፈጠን በይ፣ የራሴ ቀጠሮ ያልፍብኛል ብላ ቀድማ ሄደች።